«አያቴ አውሮፕላኑን ስበረው አሉኝ»

የዛሬው ደብዳቤ እንደወትሮው የፍቅር አይደለም፤ የአውሮፕላን ነው። ላኪው የ19 ዓመት የደሴ ልጅ ነው። ከካርቶንና ከዘይት ቆርቆሮ አውሮፕላን ይሠራል። ሰሞኑን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም ደሴን የደበደበውን የጣልያን ካፕሮኒ ሠራና ጭራው ላይ ትልቅ ነጭ መስቀል ቀባበት። አያቱ አይተው ጮሁ። አጎታቸው የሞቱት በዚያን ቀን ነው። «የገዳይ ምልክት በቤቴ አይንጠለጠልም። ወይ ስበረው፣ ወይ ምልክቱን አጥፋው!» አሉ። እሱ ደግሞ «ያለ ምልክቱ ምኑን ካፕሮኒ ሆነ?» ይላል። ይኸው ከተኳረፉ ሁለት ሳምንት።

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስለ ቀለሙ እናውራ። ነጩ መስቀል የዚያ ጦርነት አይደለም። ጣልያኖች እሱን ጭራ ላይ መቀባት የጀመሩት ከ1932 ዓ.ም ማብቂያ ወዲህ ነው። ድርብ ክንፍ ያለውን ፊያት ሲ.አር. 42 ተዋጊ ስትሠራ ቀባው፤ ያኔ ልክ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ዓ.ም ደቡብ አፍሪካውያን ደሴን ሲይዙ የጣልያን ምልክት እሱ ነበር። የ1928ቱ ግን ጭራው ላይ አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ቁም መስመር አለው፤ ነጩ መሐል የንጉሣቸው ጋሻ። ጎኑ ላይ ደግሞ በሰማያዊ ክብ ውስጥ የፋሺስቱ ምልክት፣ መጥረቢያ የተሰካበት የእንጨት እስር። በነገራችን ላይ፣ የላክልን ሥዕል ላይ ሞተሩ ሁለት ነው። እንዴ! ሦስት ነው እኮ፤ አንዱ አፍንጫው ላይ፣ ሁለቱ ክንፉ ላይ። ክንፉም ከላይ ነው የሚገጠመው፤ ጎማውም አይታጠፍም።

አሁን ወደ አያትህ። እኔን ብትጠይቀኝ ምልክቱ አይጥፋ። ምልክት የሌለው አውሮፕላን ማን እንደደበደበን አይናገርም፤ ያ ደግሞ የሚጠቅመው ደብዳቢውን ነው። ግን የእሳቸው ሳሎን ጣራ ላይ ማንጠልጠልህ፣ አትቀየመኝና፣ ድፍረት ነው። ብቻውንም አትሥራው። የዚያን ዕለት ቀይ መስቀል የተቀባበት የአሜሪካኖቹ ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመትቷል፤ ጣራውን ከነቀይ መስቀሉ ከሥር ሥራው። ጃንሆይም ደሴ ነበሩ፤ ሳይፈነዳ የቀረ ቦምብ ላይ እግራቸውን አሳርፈው የተነሱት ፎቶ አለ። ቦምቡንም ጨምር።

ከዚያ ቡና ሲፈላ ጠብቀህ አጠገባቸው ቁጭ በልና የአጎታቸውን ስም ጠይቃቸው። እንዴት እንደሞቱ ሲነግሩህ አታቋርጣቸው። ፈቃዳቸው ከሆነ ስማቸውን ከሆስፒታሉ አጠገብ በአማርኛ ጻፈው። እምቢ ካሉም አትከራከር። እስከዚያው አውሮፕላኑ ጓደኛህ ቤት ይደር።