«እንቅርት ነው» ያለው ማነው?

መዘዞ ገበያ ላይ አንገቱ ያበጠ ሰው ቢያልፍ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ደገኛ ነን፣ እንቅርት ለምደናል። እንቅርት ካልሆነ «ብርድ መትቶት ነው»፣ ብርድ ካልሆነ ደግሞ «የእጢ ቲቢ ነው» እንላለን። ሁላችንም ሐኪም ነን።

አጎቴም አንገቱ ጎን ላይ ጠጣር እብጠት ሲወጣበት ይኸው ተባለ። ሃምሳን ያለፈ፣ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ሲጃራ ከእጁ የማይለይ፣ አረቄም የማይጠላ ሰው ነው። አንዱ ክሊኒክ አሞክሳሲሊን ሰጠው፣ አልጠፋም። ሌላው ክሊኒክ ሌላ አንቲባዮቲክ አዘዘለት። አራት ወር እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ በመርፌ ናሙና ተወስዶ ጉሮሮው ሲታይ ካንሰር ሆኖ ተገኘ። አሁን አዲስ አበባ ሕክምና ላይ ነው።

የምለው አንድ ነገር ነው። የሚያጨስ ጎልማሳ አንገት ላይ ወጥቶ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ እብጠት በግምት መታከም የለበትም።

«በእኛ አገር የአንገት እጢ ሲያብጥ መጀመሪያ ቲቢ ነው የሚጠረጠረው» የሚሉኝ የጤና ባለሙያዎች አሉ። እውነታቸውን ነው፣ የእጢ ቲቢ በአገራችን ብዙ ነው። ታዲያ ለሁለቱም የሚያገለግለው ያው አንድ ቀጭን መርፌ አይደለም እንዴ? የተቀዳው ናሙና በማይክሮስኮፕ ይታያል፣ ለቲቢም በጂን ኤክስፐርት ይመረመራል። «መርፌ ከነካው ይሰራጫል» የሚለው ፍርሃት ግን ስንቱን ከምርመራ አስቀረ!

መርፌው ብቻውንም አይበቃም። እብጠቱ አንገት ላይ ይታይ እንጂ የካንሰሩ መነሻ ብዙ ጊዜ አፍ፣ ጉሮሮ ወይም ማንቁርት ነው። ስለዚህ አፍ ተከፍቶ ይታይ፣ የምላስ ሥር ይዳሰስ፣ ጉሮሮ በመሣሪያ ይመርመር። ድምፁ ሻክሯል ወይ? ሲውጥ ያመዋል? ጆሮው ደህና ሆኖ ሳለ በእብጠቱ በኩል ጆሮውን ይወጋዋል? የማይድን የአፍ ቁስል አለው? ከስቷል? እነዚህን መጠየቅ ብር አያስወጣም። «አያመኝም» ማለትም አያጽናና። ጠጣርና የማይንቀሳቀስ እብጠት ባያምም ያሰጋል።

በአገራችን ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ዛሬ ጅማን የመሰሉ ማዕከላት ቢጨመሩም ለመዘዞ ሰው መንገዱ ሩቅ ነው። በዚህ ላይ አራት ወር በግምት ማባከን በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

እናም ወዳጆቼ፣ «ይህን ዋጥና ከወር በኋላ ተመለስ» ስትባሉ በትሕትና «ናሙና አይወሰድልኝም ወይ?» በሉ። አባታችሁም አጎታችሁም ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ሊያፍሩ ይችላሉ። አብራችኋቸው ሂዱና እናንተ ጠይቁላቸው።