የዓሣ ዘይቱን ከሻንጣው አውጡልኝ

ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት፣ ከጫማውና ከሽቶው መሀል አንድ ትልቅ የዓሣ ዘይት ብልቃጥ አይጠፋም። «ለእማዬ ልብ» ይባላል። በቃኝ! የእናቶቻችንን ልብ ለብልቃጥ ላይ ጽሑፍ አደራ የሰጠነው ማን አስገድዶን ነው?

እስቲ ገልብጡት። ከፊቱ በትልቁ 1000 ሚሊ ግራም ይላል። ያ የዘይቱ ጠቅላላ ክብደት ነው። ለልብ ይበጃሉ የሚባሉት ኢፒኤና ዲኤችኤ ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ተጽፈዋል፤ በተለመደው ክኒን ሁለቱ ተደምረው 300 ሚሊ ግራም ገደማ ቢሆኑ ነው። የቀረው ሌላ ቅባት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ1994ቱ ሕግ ወዲህ፣ የዚህ ዓይነት ክኒን የሚሸጥ ኩባንያ ከገበያ በፊት ፈዋሽነቱን ለመንግሥት ማስረዳት አይጠበቅበትም። ስለዚህ ከፊት የልብ ሥዕል ይለጥፋል፤ ከኋላ ደግሞ «በሽታን ለማከምም ለመከላከልም አይደለም» ብሎ ይጽፋል። አቤት ምላስ!

ዘይቱ ደግሞ አየር፣ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው ይበላሻል። ሽፋኑ ሽታውን ስለሚደብቅ ክኒኑን ነክሶ ያላሸተተ አያውቅም፤ የሎሚ መዓዛ የሚጨምሩበትም አሉ።

«ጥራት ያለውን ግዛ» ይሉኛል። እሺ፣ ከምርጡ እንነሳ። ቪታል የተባለው የአሜሪካ ጥናት 25,871 ሰዎችን ይዞ፣ ለግማሾቹ በመድኃኒት ደረጃ የተጣራ የዓሣ ዘይት በቀን 1 ግራም ለዓመታት ሰጠ። በ2018 ውጤቱ ሲወጣ፣ በዋናው መለኪያ ከባድ የልብና የደም ሥር አደጋ በጉልህ አልቀነሰም። ምርጡ አደጋውን በጉልህ ካልቀነሰ፣ በየመደርደሪያው ሲሞቅ የከረመው ምን ሊያደርግ ነው?

በዚያው ዓመት ሪዱስ-ኢት የተባለ ሌላ ጥናት በዚህ አደጋ ላይ የ25 በመቶ ቅናሽ አሳየ፤ እውነት ነው። ግን የተሰጠው ንጹሕ ኢፒኤ ነበር፣ በቀን 4 ግራም፣ ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ቅባታቸው ከፍ ብሎ ስታቲን የተባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት ለሚወስዱ ሕሙማን። ይህ ሐኪም የሚያዘው መድኃኒት ነው። እሱም ቢሆን ለማወዳደሪያ በተሰጠው የማዕድን ዘይት ምክንያት እስካሁን ያከራክራል፤ የወሰዱት ሰዎች ላይም የልብ ምት መዛባት በርክቶ ታይቷል። የብልቃጡ ነጋዴ ግን ዝናውን ለራሱ ሸቀጥ ይወርሳል፣ ጣጣውን ይተወዋል።

ለልባቸው ካሰባችሁ፣ ዛሬ ማታ ለእናቶቻችሁ ደውሉላቸው። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ ይወስዱ እንደሆነ፣ ካቋረጡም በገንዘብ እጥረት ይሁን በሌላ፣ ጠይቋቸው። የብልቃጡን ዋጋ ለዚያ ላኩላቸው፤ በሻንጣው ክፍት ቦታ ደግሞ የግፊት መለኪያ ይግባ።