ሪዋቁል ጀበርት፤ የደረሶች ቤትና የሸኹ ኪታቦች



ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚሉን ቦናፓርት እ.ኤ.አ. በ1798 ግብፅን ሲወር በዓይናቸው አይተው የጻፉት ታላቅ የታሪክ ሰው ናቸው። እኔን ግን ከዚያ ኪታባቸው ይበልጥ የሚስበኝ ስለ አባታቸው ስለ ሸኽ ሐሰን ያሰፈሩት ነው። የጦር ወሬ የለበትም፤ ስለ ደረሳ ነው።

በካይሮው አል-አዝሀር ከሩቅ የመጡ ደረሶች በየአገራቸው ተለይተው የሚያድሩበትና የሚያጠኑበት ክፍል ሪዋቅ ይባል ነበር። የመግሪብ ሰዎች ሪዋቅ ነበራቸው፤ የሻም፣ የቱርክና የላይኛው ግብፅ ሰዎችም እንዲሁ። ከሐበሻና ከዘይላዕ ምድር ለሚሄዱት ደግሞ ሪዋቁል ጀበርት ነበረ። ጸሐፊው እንደሚነግሩን ጀበርቶች በመካና በመዲናም ሪዋቅ ነበራቸው። ከዚህ ምድር ለዒልም መሰደድ የቆየ ነገር ነው፤ የሐነፊው ፈቂህ ዑስማን አዝ-ዘይለዒ ካይሮ የገቡት በ705 ዓመተ ሂጅራ ነበር።

ሪዋቁ ሸኽ ነበረው። ሸኽነቱ የክብር ስም ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከወቅፍ የሚገባው ገቢ፣ በየጊዜው የሚታደለው ዳቦ፣ የመኝታው ቦታ ሁሉ የሚጠየቀው ከሱ ነበር። እናቱን ትቶ ባሕር ተሻግሮ የመጣ ልጅ ዐረብኛው ገና ሳይፈታለት መጀመሪያ የሚያገኘው ሰው ይህ ሸኽ ነበር። ልጁ ሲርበው የአገሩ ሰው ስም አብሮ ይራባል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የጀበርቲዎች ሰባተኛ አያት፣ እሳቸውም ዐብዱረሕማን የሚባሉ፣ በአሥረኛው ክፍለ ዘመን ሂጅራ መጀመሪያ ግድም ግብፅ ገብተው የዚህ ሪዋቅ ሸኽ ሆኑ። ኃላፊነቱም ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ሸኽ ሐሰን ዘንድ ደረሰ። (በውርስ የሚያዝ ሹመት ሁልጊዜ እንዲህ ያለ ሰው ያመጣል ማለቴ አይደለም።) ሸኽ ሐሰን በ1110 ሂጅራ በተወለዱ በወሩ አባታቸው ሞቱና ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። ከፊቅህ ሌላ በሒሳብና በፈለክ ዕውቀት በዘመናቸው አቻ አልነበራቸውም። በ1172 በካይሮ የተዛቡ ሚዛኖችን ያቃኑና ስለ ሚዛንም ኪታብ የጻፉ እሳቸው ናቸው። ፈረንጆች ሳይቀሩ ሂንደሳ ሊማሩ ቤታቸው ይመጡ ነበር።

አሁን ወደ ኪታቦቹ። ሸኹ አል-አዝሀር ውስጥ ዘወትር የሚቀሩትን ኪታቦች ቅጂ ሰብስበው ቤታቸው ውስጥ አንድ ቦታ ለይተው አስቀመጡ። ደረሳው ይገባል፤ የሚፈልገውን ያነሣል፤ ማንንም አያስፈቅድም። ያን ጊዜ ኪታብ የሚገለበጠው በእጅ ነው፤ ብዙው ሳይጠረዝ በክፍል በክፍል እየሆነ ከደረሳ ወደ ደረሳ ይዞር ነበር። ታዲያ የሆነውን ልጃቸው አንዳች ሳይሸሽጉ ጽፈውታል። አንዱ ወስዶ አልመለሰም። ሌላው መሐል ላይ ያለውን ክፍል ጣለና ኪታቡ ጎደሎ ሆነ። ሌላው ደግሞ ሰው ዘንድ ትቶት አገሩ ገባ። በዚህ ዓይነት አብዛኛው ጠፋ።

ልጅየው ይህን ሲጽፉ ቅር ሳይላቸው አልቀረም መሰለኝ፤ የጠፋው ውርሳቸው ነበርና። ቁልፍ ቢያበጁ፣ መዝገብ ቢይዙ ምን ነበረበት? የሚል አይጠፋም፤ እውነትም አለው። የመስጊድ ኪታብ ሣጥን የሚጠብቅ ሁሉ ሕመሙን ያውቀዋል። ነገር ግን ቁልፍ ሲኖር የሚያፍረው ማን ነው? ደፍሮ የማይጠይቀው፣ አዲስ የመጣው፣ ልብሱ ያለቀው ደረሳ ነው። ሸኹ ኪታባቸው ቢጠፋ ይሻላል ብለው የመረጡ ይመስለኛል፤ እኔም ከሳቸው ጋር ነኝ።

ከሳቸው ጋር የሆንኩት ግን በንጹሕ እጅ አይደለም። በደረሳነቴ ዘመን ከኡስታዜ ቤት «ነገ እመልሳለሁ» ብዬ የወሰድኩት የነሕው ኪታብ ይኸውና እስከ ዛሬ መደርደሪያዬ ላይ ነው። ኡስታዜ አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። አሁን ወደ አኺራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ቤታቸው ዛሬም ልጆች እንደሚቀሩ ሰምቻለሁና ኪታቡን አቧራውን አራግፌ በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ። ጠርዙ ስለተላቀቀ መጀመሪያ ጠራዥ ዘንድ አደርሰዋለሁ።