ስልኩ በእጃችን ነው፤ መፈለጉን ግን አልተማርንም



ሰሞኑን ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ወንድማችን ስልኩን ይዞ ወደ እኛ መጣ። የመዲና ኢስላማዊ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ዕድል ነው የሚል ገጽ አሳየን። የፓስፖርት ኮፒና «የመመዝገቢያ» ገንዘብ በቶሎ ይላክ ይላል። ስንጠራጠር «ኡስታዝ፣ ጎግል ላይ መጀመሪያ የመጣው እኮ እሱ ነው» አለን። እናቱ ፍየል ሸጠው ብሩን አዘጋጅተውለታል።

አብረን ተቀመጥንና ደግመን ፈለግን። በዚህኛው ግን ከዩኒቨርሲቲው ስም ቀጥሎ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሳይት»፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ያለ ክፍተት «ኢዲዩ ነጥብ ኤስኤ» ብለን ጻፍን። ይህ ለጎግል «ከሳዑዲ የትምህርት ተቋማት ገጽ ውጭ አታምጣልኝ» እንደማለት ነው። የዩኒቨርሲቲው የራሱ ገጽ ወጣ፣ የደላላው ጠፋ። ፍየሏ ባትመለስም ብሩ ተረፈ፤ አልሐምዱሊላህ።

ከላይ የወጣ ሁሉ እውነት ስለሆነ አይደለም የቀደመው። አንዳንዱ ተከፍሎበት ነው፤ አናቱ ላይ በትንሹ «ስፖንሰርድ» የሚል ጽሑፍ አለበት፣ እኛ ግን አናየውም። ወደ ሳዑዲ ለሥራ መሄድ የሚያስብ ወንድም ወይም እህት የኤጀንሲ ስም ሲነገራቸው በዚያው ዘዴ ፍለጋውን «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» ላይ ወስነው የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ስለ ውጭ አገር ሥራ ያወጣውን ይመልከቱ። በባቲ በኩል ወደ ጅቡቲ አሻግራለሁ የሚለው ደላላም የሚያጠምደው በዚሁ ስልክ ነው።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እኛ የመስጂድ ሰዎችም ጥፋት አለብን። «ስልኩን ተወው» እንላለን እንጂ እንዴት እንደሚፈለግበት አናስተምርም። መፈለግ ደግሞ ለዲን ተማሪ አዲስ ሙያ አይደለም። በ742 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ሐፊዝ አል-ሚዚ «ቱሕፈቱል አሽራፍ»ን ያዘጋጁት ሐዲስን በዘጋቢውና በመነሻ ቃሉ ለማግኘት እንዲመች ነው። እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ በሆላንዷ ላይደን የታተመው «አል-ሙዕጀሙል ሙፈህረስ» ደግሞ 9 የሐዲስ ኪታቦችን ቃል በቃል ያስፈልጋል። እሱን ያገላበጠ ደረሳ ያውቀዋል፦ በየሐዲሱ ውስጥ ያለውን ተራ ቃል ይዞ የገባ ሲደክም ይውላል፤ ብርቅ የሆነውን ቃል የያዘ ቶሎ ይደርሳል። ጎግልም ያው ነው። «ስለ ጾም ማወቅ እፈልጋለሁ» ብሎ የጻፈ ባሕር ውስጥ ገባ። «ኢንሱሊን የሚወጋ ስኳር በሽተኛ ረመዳን ጾም» ያለ ግን የሚፈልገውን ሰፈር ለይቷል። ቃል በቃል የምታስታውሱት ዐረፍተ ነገር ካለ ደግሞ በትዕምርተ ጥቅስ ውስጥ አስገቡት፤ ያንኑ እንዳለ ይፈልግላችኋል።

ዐረብኛ የምታነቡ ደረሶች ግን ይገርሙናል። ዓመታት ለፍታችሁ የተማራችሁትን ቋንቋ ትታችሁ በአማርኛ ብቻ ትፈልጋላችሁ። የዐረብኛ ኪቦርድ መጨመር የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። «ዱረር ሰኒያ» የሚባለው ድረ-ገጽ የሐዲስ መፈለጊያ አለው፤ ሁለት ሦስት ቃል ስትሰጡት ሐዲሱን፣ ዘጋቢውን፣ የተገኘበትን ኪታብና የሙሐዲሶቹን ፍርድ አብሮ ያወጣል። ዕውቀት ፍለጋ እስከ ቻይና ስለመሄድ በየግሩፑ የሚዞረውን «ሐዲስ» ሞክሩበት። ኢብኑል ጀውዚ የተቀጠፉ ሐዲሶችን በሰበሰቡበት ኪታባቸው ውስጥ ያስገቡት ነው። እኛ ደግሞ በየዳዕዋው እየሰማነው ነው ያደግነው!

በአማርኛ ስንፈልግ ትልቁ ጣጣ ፊደላችን ነው። «ሐዲስ» የሚል አለ፣ «ሀዲስ» የሚል አለ፣ «ሃዲስ»ም አለ። «ሶላት»ና «ሰላት»፣ «ቁርአን»ና «ቁርዓን» እንዲሁ። ማሽኑ ሁሉንም አንድ አድርጎ እንዲያይልን መጠበቅ የለብንም፤ በአንዱ ያጣነውን በሌላው እንሞክር። ከተማችን ከሚሴ ራሷ በላቲን ፊደል አንድ መልክ የላትም፤ በአማርኛው ድምፅ የሚጽፋት አለ፣ በቁቤ የመጨረሻውን አናባቢ ደርቦ የሚጽፋትም አለ። የዞናችን ስም ደግሞ የባሰ ነው። «ኦሮሚያ ዞን» ብለን ስንፈልግ የኦሮሚያ ክልል ዞኖች ይግተለተላሉ። «ከሚሴ» ወይም «ዳዋ ጨፋ» የሚል ቃል አብረን እንጨምር፣ ወይም የማንፈልገውን ቃል ፊቱ የመቀነስ ምልክት አድርገን እናስወጣው።

አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እህታችን ስለ ወሎ እስልምና ታሪክ የሚረባ ነገር አጣሁ ብላ ነበር። ያጣችው በአንድ ፊደል ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ሊቅ ፕሮፌሰር ሁሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ላይደን ያሳተሙት የ19ኛው ክፍለ ዘመን ወሎ እስልምና መጽሐፍ ርዕሱ ላይ ወሎን በላቲን ሲጽፍ ከደብሊው ቀጥሎ ያለው ፊደል «ኤ» ነው፤ እሷ የምትጽፈው «ኦ» ነበር። (ይህቺ ላይደን መቼም ስለ እኛ ብዙ አትማለች።) ስትቀይረው መጽሐፉም ወጣ፣ እሱን የጠቀሱ ጥናቶችም ተከትለው መጡ።

የምስሉ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። በ2013 በአጣዬና በዞናችን ደም በፈሰሰበት ወቅት የት እንደተነሱ፣ የማን ሬሳ እንደሆነ ሳናውቅ ያስተላለፍናቸው ምስሎች ነበሩ። «እኛ» ያልነው አውቀን ነው፤ ራሳችንን አናወጣም። ምስሉን ጣታችሁን አቆይታችሁ ስትጫኑ ክሮም ላይ «በጎግል ሌንስ ፈልግ» የሚል ይመጣል። ቴሌግራም ላይ የመጣ ከሆነ ስክሪንሾት አንሥታችሁ በሌንስ ክፈቱት። ያው ምስል ከዓመታት በፊት ሌላ አገር ወጥቶ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይታወቃል። ምንም ካልተገኘ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም፤ አልተረጋገጠም ማለት ብቻ ነው፤ ያልተረጋገጠ ደግሞ አይላክም። የሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ ትዕዛዝ ለእኛ በቂ ነበር፤ ለማይበቃው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም አለ።

ጎግል አሁን አሁን ከላይ በራሱ አጠቃሎ የሚያወጣውን መልስና ቻትጂፒቲን በተመለከተ ብዙ ትጠይቁናላችሁ። መንገድ ለማመልከት ይጠቅማሉ። ግን ያልተባለ ሐዲስ ከነቁጥሩ ፈጥረው ሊሰጧችሁ ይችላሉና ኪታቡ ድረስ ሳትሄዱ አትያዟቸው። የፍቺ፣ የውርስ ጉዳይማ ወደ ዐሊም ይዛችሁት ሂዱ።

አንድ ነገር ስታገኙ ደግሞ ገጹን አውርዳችሁ አስቀምጡ። በክልላችን ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ ምን እንደሆንን አትረሱትም።

ያ ወንድማችን ማመልከቻውን አሁን ራሱ እየሞላ ነው፤ አላህ ያግራለት። እኛ ከመግሪብ እስከ ዒሻ እዚያው መስጂዱ በረንዳ ላይ አለን። ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ኑ።