መሻገሪያው በእግረኛው እርምጃ ይለካ



እንደሚታወቀው መገናኛ ስሙን የሚመስል ቦታ ነው። ከቦሌ፣ ከሃያ ሁለት፣ ከሾላ፣ ከላምበረትና ከጉርድ ሾላ የሚመጣው መኪና እዚያ ይጋጠማል። ቀላል ባቡሩም ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው ያልፋል። ነገር ግን ከባቡርም ሆነ ከታክሲ የወረደ ሰው መንገዱን በእግሩ መሻገሩ አይቀርም። ስለዚህ መገናኛ የመኪና ብቻ ሳይሆን፣ ከሁሉ አስቀድሞ የእግረኛ ቦታ መሆኑን ልብ እንበል።

ስለ መሻገር ባነሣን ቁጥር የምንሰማው መልስ አንድ ነው። «እግረኛው ራሱ ሥርዓት የለውም፤ ዘሎ ይገባል» ይባላል። እውነት ነው፣ ዘሎ የሚገባ አለ። ግን ለምን ዘሎ ይገባል ብሎ የሚጠይቅ ስንቱ ነው? ቀለበት መንገዱ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ሲሠራ እግረኛው በድልድይ ይሻገራል ተብሎ ታሰበ። ሰዉ ግን ብዙውን ጊዜ ድልድዩን ትቶ አካፋዩን እየዘለለ ተሻገረ። ይህ የሆነው ሰዉ ሕይወቱን ስለጠላ አይደለም። እናት ልጅ አዝላ፣ አዛውንት ከዘራ ይዘው፣ ሠራተኛው ጭነት ተሸክሞ ያን ሁሉ ደረጃ ወጥቶ መውረድ ስለሚከብድ ነው። መኪናው ሜዳ ለሜዳ እንዲሄድ ተብሎ እግረኛው ዳገት ሲወጣ፣ ነገሩ ከመነሻው ተዛብቷል ማለት ነው።

እስቲ በቀላል ሒሳብ እንየው። በሁለቱም በኩል ሦስት ሦስት መስመር ያለው መንገድ፣ አንዱ መስመር 3.5 ሜትር ቢሆን፣ ስፋቱ 21 ሜትር ይሆናል። ጤነኛ ጎልማሳ በሰኮንድ 1.2 ሜትር ቢራመድ ለመሻገር 18 ሰኮንድ ገደማ ይፈጅበታል። በሰኮንድ 0.8 ሜትር የሚራመዱ አዛውንት ደግሞ 26 ሰኮንድ ያስፈልጋቸዋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በዚያው 26 ሰኮንድ ውስጥ 360 ሜትር ያህል ይጓዛል። እንግዲህ አዛውንቱ መሻገር ሲጀምሩ ገና በሩቁ የነበረው መኪና፣ ማዶ ሳይደርሱ ይደርስባቸዋል። ጥፋቱ የእርሳቸው ነው ልንል ነው?

ሌላም አለ። አንዱ ጨዋ ሹፌር ዜብራው ላይ ቆሞ «እለፉ» ይላል። በጎኑ ያለው ግን እግረኛውን ስለማያይ አይቆምም። የቆመው መኪና ጋርዶታላ! ታክሲ ዜብራው ጥግ ሲቆምም እንዲሁ ነው። በዚህ ላይ የመንገዱ ጥግ በጣም ሰፊ ሆኖ የተቆረጠ እንደሆነ፣ የሚታጠፈው መኪና ፍጥነቱን ሳይቀንስ ይጠመዘዛል።

ብስክሌተኛውንም አንርሳ። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት ከቦሌ እስከ መገናኛ ባለው መስመር የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ የብስክሌት መስመርም ተሠርቷል። ይህ የሚመሰገን ነው። ሆኖም የብስክሌት መስመር ዋጋው የሚታወቀው ባዶ መንገድ ላይ ሳይሆን መስቀለኛው ላይ ነው። ቀጥ ብሎ የሚሄደው ብስክሌተኛና ወደ ቀኝ የሚታጠፈው መኪና የሚጋጩት እዚያ ነውና፣ መስመሩ በቀለም ተለይቶ እስከ ማዶ መዝለቅ አለበት።

ይህን ሁሉ ማስተካከል የግድ ብዙ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም። በ2009 ዓ.ም. ገደማ ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ በቀለምና በቀላል ዕቃ የመኪናውን ቦታ ጠበብ፣ የእግረኛውን ሰፋ አድርገው ሲሠሩ ታይቷል። ከዚያ መማር ይቻላል።

ስለዚህ የከተማው ትራፊክ ማኔጅመንትና መንገዶች ባለሥልጣን እንዲያዩልን የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው። አንደኛ፣ የእግረኛው መብራት በወጣቱ ሳይሆን በአዛውንቱ እርምጃ ይለካ። ሁለተኛ፣ በሰፊው መንገድ መካከል እግረኛው ቆሞ የሚያርፍበት ደሴት ይኑር፤ አንዱን አቅጣጫ ጨርሶ ሌላውን በተረጋጋ መንፈስ እንዲያይ። ሦስተኛ፣ የመታጠፊያው ጥግ ይጥበብ። አራተኛ፣ የታክሲ ማቆሚያው ከዜብራው ፈቀቅ ይበል። አምስተኛ፣ እግረኛ በሚበዛበት ቦታ ፍጥነቱ ከ30 ኪሎ ሜትር አይለፍ።

«ታዲያ መንገዱ ሊዘጋጋ አይደል?» የሚሉ አይጠፉም። ሥራ የሚረፍድበት ሹፌር ቅሬታው ይገባናል። ነገር ግን መስቀለኛው ላይ አሥር ሰኮንድ የቆመ ሰው አሥር ሰኮንድ ነው የሚያጣው። የተገጨው ግን የሚያጣው ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል፤ ከእነዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ያው ሹፌሩም ቢሆን መኪናውን አቁሞ ሲወርድ እግረኛ ነው።

ከእኛ ከነዋሪዎችም የሚጠበቅ አለ። ታክሲ ውስጥ ሆነን ልክ ዜብራው ላይ ስንደርስ «ወራጅ አለ!» ማለት ይቅር። የብስክሌቱን መስመር የዕቃ ማስቀመጫ፣ የመኪና ማቆሚያ አናድርገው። ልጆቻችንን ዜብራ ላይ መኪናው መቆሙን ዓይተው፣ ቀጥሎ ያለውም መቆሙን አረጋግጠው እንዲሻገሩ እናስተምር። ከሁሉም በላይ ደግሞ አደጋ ሲደርስ ከንፈር መጥጠን ከመበተን፣ የትኛው መሻገሪያ እንደሚያሠጋ በጽሑፍ ለወረዳችን እናመልክት። በሚቀጥለው የማኅበራችን ስብሰባ እያንዳንዳችን የምናውቀውን አስጊ ቦታ ይዘን ብንመጣ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ሰው ሳይሞት በፊት እንነጋገር።