«ጨዋ ተከራይ ይፈለጋል»

የቤት ኪራይ ጣጣ የአዲስ አበባ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን፣ አለፍ ብሎም የወንበርማዋን ሽንዲን ይመልከት። ከግቢው ጥግ የተቀጠለች አንዲት የጭቃ ክፍል ባዶዋን ትከርማለች። ለምን ቢባል፣ ባለቤቲቱ «ጨዋ ተከራይ» እየጠበቁ ነው። ጨዋ ማለት ደመወዝተኛ፣ ላጤ፣ እንግዳ የማይመጣበት፣ ውኃ የማያበዛ፣ በጊዜ መብራት የሚያጠፋ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከገዳም እንጂ ከገበያ አይገኝም!

ለመሆኑ ቤቱስ ጨዋ ነው? በሩ አይቆለፍም፤ ጣሪያው ያፈስሳል፤ ውሉ የቃል ነው፤ ባለቤቲቱ ሲከፋቸው «ነገ ልቀቅ» ይላሉ። መምህሩ ወይም ነርሷ ይህን አይተው ወደ ሌላ ግቢ ቢሻገሩ ማን ይፈርድባቸዋል? ደኅና ተከራይ የሚመጣው ቁልፍ፣ ውኃና የተጻፈ ውል ሲያይ ነው።

የአከራይ ስጋት ከንቱ ነው አልልም። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን ሲወርስ ያየ ወላጅ ፍርሃቱን ለልጁ አውርሷል። ግን ፍርሃትን የሚያስታግሰው ወረቀት ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ ውጭ አዋጁ የሚሠራባቸውን ከተሞች የሚወስኑት ክልሎች ናቸው። ይሁን እንጂ ወረቀትና እስክሪብቶ ሽንዲም አይጠፋም!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን «ለተማሪ አናከራይም» የሚሉት ነገር ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ስንቋን አዝላ ከገጠር ለትምህርት የመጣች ልጅ ማደሪያ ብታጣ ወዴት ትመለሳለች? ወደ ባል ቤት ነዋ! ዋስ ካስፈለገ አባቷ በገበያ ቀን ስንቅ ይዞ ይመጣል፤ አገሩም ዘመዱም የታወቀ ነው። ተዛውሮ ከሚሄደው ደመወዝተኛ በምን ያንሳል?

እትዬ፣ ባዶ ክፍል ኪራይ አይከፍልም። በሩን ያስጠግኑ፤ ውሉን ያስጽፉ፤ ልጅቱን ያስገቡ። ጨዋ ተከራይ ሲጠብቁ፣ ጨዋዋ ከደጅዎ ተመልሳ እንዳትሄድ።