«ያልታወቀ ተክል» ለማን ነው ያልታወቀው?



በሰኔ ወር በዚሁ ሰሌዳ ላይ «በአንዳንድ ግቢዎች ያልታወቀ ተክል ስለታየ ነዋሪው ጥንቃቄ እንዲያደርግ» የምትል ባለሁለት መስመር ማስታወቂያ ተለጥፋ ነበር። ከምን እንጠንቀቅ? እንዴት እንጠንቀቅ? ማንን እንጠይቅ? ማስታወቂያዋ አትናገርም። ያነበበ አነበባት፣ ዝናብ መታት፣ ወደቀች። ተክሉ ግን አልወደቀም። ይኸው ሐምሌ ሲጋመስ ከባቡሩ ሐዲድ ወዲህ ባለው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ ታጥረው በተረሱት ባዶ ቦታዎች፣ በየቦዩ አፍና በየአጥራችን ሥር ራሱን ቀና አድርጎ ቆሟል።

እኔ የዚህ ማኅበር ተራ አባል ነኝ። የዕፀዋት ሊቅ አይደለሁም። ነገር ግን አንድ ጥያቄ አለኝና ሳላፍር እጠይቃለሁ፦ ለመሆኑ ይህ ተክል ያልታወቀው ለማን ነው?

ሂስ ከራስ ይጀምራል

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት የራሴን ጥፋት ልናገር። ካቻምና ክረምት ሲገባ ከጓሮዬ፣ ከጤና አዳሙ አጠገብ፣ ቅጠሉ የተሸነሻነ አንድ ተክል በቀለ። ባለቤቴ «አሪቲ ነው፣ ተወው» አለች። ተውኩት። እንዲያውም ውሃ አጠጣሁት። ጳጉሜን ላይ ነጫጭ አበባ ሲያወጣ ደግሞ የልጅ ልጆቼ ቆርጠው፣ ከአደይ አበባ ጋር አስረው፣ ለእንቁጣጣሽ በየጎረቤቱ አዞሩት። እንግዲህ ዘሩን በየደጃችሁ ያደረስኩት እኔ ራሴ ነኝ ማለት ነው። እናንተም ብር ሰጥታችሁ፣ መርቃችሁ ተቀበላችሁት።

የግቢያችን ጥበቃ የወሎ ሰው ነው፣ ከቆቦ በኩል። ያን ጊዜ ጠርቶኝ «ጋሼ፣ ይኼ እኮ ቅንጬ ነው። አሪቲ አይደለም። እኛ አገር ማሽላውን አላበቅል ያለ አረም ነው። አበባ ሳያወጣ ይነቀል» ብሎኝ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «አንተ ደግሞ ያየኸው ሣር ሁሉ ያገርህ አረም ይመስልሃል» ብዬ አለፍኩት።

አምና ያ አንድ የነበረው ተክል ጓሮውን ሞላው። ሲሞላው ጊዜ «በል ንቀልልኝ» ብዬ ያዘዝኩት ያንኑ ሰው ነው። ያለ ጓንት፣ ያለ ረጅም እጅጌ፣ አበባው ነጭ ሆኖ እንደ ዱቄት በሚበንበት ሰዓት። በሦስተኛው ቀን ክንዱ ቀልቶ ተላጠ፣ ዓይኑ አበጠ፣ ሲያክ አደረ። ጤና ጣቢያ ሄዶ «የቆዳ አለርጂ» ተባለ። የመድኃኒቱን ከፍያለሁ። ታዲያ የመድኃኒት መክፈል ይቅርታ ይሆናል? የተነቀለውንስ የት ጣልነው? በአጥር ላይ ወርውረን ባዶው ቦታ ላይ። ዘንድሮ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሁላችንም ግቢ ተመልሶ መጣ።

ወገኖቼ፣ የተክሉን ስም፣ ጠባዩን፣ የሚነቀልበትን ጊዜ ጭምር የሚያውቅ ሰው በራችን ላይ ቆሞ ነበር። እኛ ሳሎን ተቀምጠን «ያልታወቀ ተክል» እንላለን። ተክሉ ታውቆ ነበር። ያላወቅነው ሰውየውን ነው።

ስሙና ታሪኩ

በሳይንስ ስሙ ፓርቴኒየም ሂስቴሮፎረስ ይባላል። የትውልድ አገሩ ሞቃታማው አሜሪካ፣ የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ ነው። በወሎ «ቅንጬ አረም» ይሉታል። በሐረርጌ ኦሮምኛ ተናጋሪው ገበሬ ደግሞ «ፈረምሲሳ» ብሎታል፤ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ የሚያሰኝ እንደ ማለት ነው። ስሙን ያወጡት ማሳቸውን የነጠቃቸው ሰዎች ስለሆኑ ቀልድ አይምሰለን።

ወደ አገራችን የገባበትን ሁኔታ በተመለከተ ሁለት አነጋገር አለ። አንደኛው በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ጊዜ ከተሽከርካሪዎች ጋር መጣ ይላል። ሁለተኛው ለድርቅ ዕርዳታ ከውጭ ከገባው እህል ጋር ተቀላቅሎ ነው ይላል። በድሬዳዋና በሐሮማያ አካባቢ መታየቱ የተነገረው በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ሕንድም ውስጥ በ1955 እ.ኤ.አ. ፑኔ ከተማ አካባቢ ታይቶ፣ ከአሜሪካ ስንዴ ጋር መጣ ተብሎ «የኮንግረስ ሣር» የሚል ስም ወጥቶለታል። በየትም አገር ሲጀምር አንድ ሁለት ተክል ነበር። በየትም አገር «ምን ያደርጋል፣ አረም ነው» ተብሎ ታልፏል።

አንዱ ተክል እስከ 25,000 ፍሬ ይሰጣል። ዝናብ ካገኘ ከበቀለ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ አበባ ያወጣል። ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ በጫማ ጭቃ፣ በመኪና ጎማ፣ በጎርፍ፣ በአሸዋና በአፈር ጭነት ይጓዛል። አፈር ውስጥም ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በምሥራቅ ኢትዮጵያ በተደረገ ጥናት፣ ሳይታረም የቀረ የማሽላ ማሳ ምርት ከመቶ 40 እስከ 97 እጅ ቀንሷል። የበላችው ላም ወተት ይመራል። በሰው ላይ ደግሞ ቆዳን ያስቆጣል፣ ብናኙ አስምና የአፍንጫ አለርጂ ያስነሣል። ልብ በሉ! የመጀመሪያ ቀን የነካው ሁሉ አይታመምም፤ እየደጋገመ የነካው ነው የሚጎዳው። ታዲያ በሠፈራችን እየደጋገመ የሚነካው ማን ነው? ጥበቃው፣ አትክልተኛው፣ የቀን ሠራተኛዋ፣ ሜዳ ላይ የሚጫወተው ልጅ።

የምንሰማቸው ምክንያቶች

አንዳንዱ «ይህ የገበሬ ችግር ነው፤ እኛ ሲኤምሲ ማሽላ አንዘራም» ይላል። ይህ ሰው የሚኖርበትን ሠፈር አያውቅም። ሠፈራችን ስሙን ያገኘው ከኢጣሊያ የግንባታ ድርጅት ነው፤ ከዚያ ወዲህም ግንባታ ተለይቶት አያውቅም። በየሳምንቱ ገልባጭ መኪና ቀይ አሽ፣ አሸዋ፣ ለም አፈር ያራግፋል። የተቆፈረና እርቃኑን የቀረ መሬት ደግሞ ለቅንጬ የተነጠፈ አልጋ ነው። ሣር ጥቅጥቅ ብሎ ከያዘው ቦታ ይልቅ ባዶውን ይመርጣል። ከእኛ ቦይ የወጣው ዘር በጎርፍ ወርዶ የሚያርፈው ደግሞ ከታች ባለው ሰው ጓሮና ማሳ ላይ ነው።

ሌላው «ግቢዬ ነው፣ ምን አገባችሁ?» ይላል። አጥር ሌባ ይከለክላል፤ ዘር አይከለክልም። እምቦጭን አስታውሱ። በአበባው ውበት ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን የዞረ ተክል ነው። በአገራችን በ1965 እ.ኤ.አ. ቆቃ ላይ ታየ፤ በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ መግባቱ በይፋ ታወቀ፤ ከዚያ በኋላ ስንት ሺህ ሰው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል አይተናል። አፋር ውስጥ ደግሞ ለአፈር ጥበቃና ለጥላ ይጠቅማል ተብሎ የተተከለው ፕሮሶፒስ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ የግጦሽ መሬት ወረረ። «ምን አገባችሁ» የምንልበት ጊዜ በሁለት እጅ ነቅለን የምንጨርስበት ጊዜ ነው። ካለፈ አያገኙትም።

ሦስተኛው «ዘበኛው በማጭድ ይጨደው» ይላል። ከላይ ከተቆረጠ ከሥር አቆጥቁጦ እንደገና ያብባል። አራተኛው የተቃጠለ የሞተር ዘይት አምጥቶ ያፈሳል። ይህ አፈሩን መግደል እንጂ አረሙን መግደል አይደለም። ከገበያ ጽሑፍ በሌለው ጠርሙስ የሚመጣውን መርዝማ ባናነሣው ይሻላል።

አምስተኛው የባሰበት ነው። ማስታወቂያዋን አንብቦ ደነገጠና ነጭ ያበበውን፣ የተሸነሻነውን ሁሉ ነቀለ። የአንዲት እናት የዓመታት አሪቲ በዚህ ዓይነት ሄደ። ከመስከረም በፊት ገና ቅጠሉ የወጣ አደይ አበባም ሄደ። ሳያውቁ መተው ጥፋት እንደሆነ ሁሉ ሳያውቁ መንቀልም ጥፋት ነው።

ለኮሚቴው የምለው

ኮሚቴያችን ለመንገዱ ዳር ማስዋቢያ አፈር በገልባጭ ሲያስመጣ ከየት እንደተጫነ ጠይቆ ነበር? አልጠየቀም። ዛሬ አረሙ ተንዶ የቆመው በዚያው አፈር ላይ አይደለም እንዴ? ሄዳችሁ እዩት። በስብሰባ ላይ ሳነሣው «እሱ የጽዳትና ውበት ጉዳይ ነው» ተባለ። ጽዳትና ውበቱ ማነው? እኛው አይደለንም? ባለሙያዎች ይህን አረም የሚበላ ጢንዚዛና ግንዱን የሚበሳ ነቀዝ ከውጭ አስመጥተው፣ አምቦ በሚገኘው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማእከል ሌላ ተክል እንደማይነካ ፈትሸው፣ በ2008 ዓ.ም. ወለንጪቲ አካባቢ ለቀውታል። ሥራቸው ያስመሰግናል። ግን ጢንዚዛው መጥቶ የእኔን ጓሮ እስኪያጸዳ ድረስ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ ማለት ስንፍና ነው።

ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸም እጠይቃለሁ፦

1ኛ/ መጀመሪያ እንለየው። ቅንጬ ሲጀምር መሬት ላይ እንደ ሰፌድ ይዘረጋል፤ ቅጠሉ እንደ ካሮት ቅጠል የተሸነሻነ ነው። ኋላ አንድ ግንድ ይመዛል፤ ግንዱ ሸንተረር ያለበትና ጸጉራም ሆኖ ከላይ ይቀነጠባል፣ ከሰው ወገብ በላይም ይደርሳል። አበባው ነጭ፣ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ፣ አምስት ጠርዝ ያለው ነው። አሪቲ ግን ቅጠሉ አመድማ ነው፤ ሽታውም በደንብ ያውዳል። ለማሽተት ብላችሁ ግን ያላወቃችሁትን ቅጠል በእጃችሁ አትሹ።

2ኛ/ የተጠራጠረ ይጠይቅ። አንድ ቅርንጫፍ በፌስታል አድርጎ አምጥቶ ለሚያውቅ ያሳይ፤ ቢያንስ ፎቶ ያንሣ። ከሠፈር ካለፈም አራት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ የአገራችን ዕፀዋት በየስማቸው ደርቀው የተቀመጡበት ብሔራዊ ኸርባሪየም አለ። ዕውቀት አልጠፋም፤ የጠፋው ጠያቂ ነው።

3ኛ/ አበባ ሳያወጣ ይነቀል። አሁን አፈሩ ርሷልና ከነሥሩ በቀላሉ ይወጣል። ጓንት፣ ረጅም እጅጌ፣ የአፍንጫ መሸፈኛ ያልያዘ ሰው አይነካውም። አስም ወይም የቆዳ ሕመም ያለበት፣ ልጅም ቢሆን፣ ከሥራው ይራቅ። ሲጨርሱ እጅና ልብስ ይታጠባል።

4ኛ/ ያበበው ከመነቀሉ በፊት አናቱ ሳይራገፍ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ገብቶ ይታሰር። ከአጥር ውጭ አይጣል፣ ወንዝ አይጣል፣ ለበግና ለላም አይሰጥ፣ ፍግ ጉድጓድ ውስጥ አይቀላቀል። ማኅበሩ አንድ የጋራ ቦታ መድቦ ይድረቅ፤ ከቤትና ከልጆች ርቆም ይወገድ።

5ኛ/ የተነቀለበት ቦታ ባዶውን አይደር። ሣር ወይም ሌላ መሬት የሚሸፍን ተክል ይተከልበት። ዘሩ አፈር ውስጥ አድብቶ ይቆያልና በየዝናቡ መለስ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የአንድ ቀን ዘመቻ ፎቶ ለመነሣት ነው የሚሆነው።

6ኛ/ ጓንቱንና መሸፈኛውን ማኅበሩ ይግዛ። ባዶ እጁን ጥበቃ ወይም የቀን ሠራተኛ የሚያሰማራ አባል፣ ሀብታም ይሁን ባለሥልጣን፣ በስብሰባ ፊት ይጠየቅ። እኔም ለአምናው ልጠየቅ ዝግጁ ነኝ።

7ኛ/ አፈር፣ አሸዋና ቀይ አሽ የሚያስመጣ ሁሉ ከየት እንደተጫነ ይጠይቅ፤ ካራገፈ በኋላም የበቀለበትን ይከታተል።

በመጪው ቅዳሜ ከጧቱ 1 ሰዓት ከማኅበሩ በር ላይ እንገናኝ። የሚመራን የግቢያችን ጥበቃ ነው። እጁ ድኗል፤ ግን እንዳይነካው ለምኜዋለሁ። እሱ ያሳየናል፣ እኛ እንነቅላለን። ካቻምና ሊነግረኝ ሲል ያላዳመጥኩትን ዘንድሮ ሁላችንም ቆመን እንስማው። ዕድር ላይ ሰው ሲሞት አንድ ላይ እንቆማለን፤ ሰው ሳይታመም አንድ ላይ መቆም ምን ያቅታል?

የምትመጡ ጓንታችሁን ያዙ። የማትመጡም ቢያንስ በየአጥራችሁ ሥር ያለውን እዩ። እንቁጣጣሽ ሲደርስ ልጆቻችን ይዘውት የሚዞሩት አደይ አበባ ብቻ ይሁን።

ሳያውቁ መንቀል ይቅር! አውቆ መተውም ይቅር!

ከማኅበሩ አባላት አንዱ